ከኮረም እስከ ጎዴ፦ በብዙ ዓርማዎች ስር የበረሩት ስዊድናዊው ካውንት ቮን ሮዘን

የአየር ኃይል ሙዚየም ሲባል በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው አውሮፕላን ነው። የጎብኚውን ዓይን ረዘም ላለ ጊዜ የሚይዙት ግን ብዙውን ጊዜ ትናንሾቹ ዕቃዎች ናቸው፦ በደረት ላይ የሚለጠፈው የአብራሪ ክንፍ፣ የቆብ ዓርማ፣ ሜዳልያ፣ የበረራ መዝገብ፣ ያረጀ የቆዳ ጓንት።

እነዚህ ዕቃዎች በመስታወት ሳጥን ውስጥ ሲደረደሩ አንድን ሰው ከአንድ አገርና ከአንድ ሠራዊት ጋር ያስተሳስራሉ። ክንፉን ያየ ሰው ባለቤቱ ለማን ሲበር እንደኖረ ወዲያውኑ ይረዳል።

ስዊድናዊው አብራሪ ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ግን ለእንዲህ ያለ ሳጥን የሚመቹ ሰው አልነበሩም። ከ40 ዓመታት በላይ በዘለቀ የበረራ ሕይወታቸው በቀይ መስቀል ዓርማ፣ በፊንላንድ አየር ኃይል ምልክት፣ በኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ቀለማት እና ከናይጄሪያ ለመገንጠል በተዋጋችው ቢያፍራ ስም በረዋል።

ከእነዚህ ዓርማዎች አንዳንዶቹ ሕይወት ለማዳን፣ ሌሎቹ ደግሞ ለመዋጋት የተነሱ ነበሩ። ካውንቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ዓላማቸው እንዳልተለወጠ ያምኑ ነበር። ተቺዎቻቸው ግን ምሕረትንና ጦርነትን በአንድ ሰው እጅ ማቀላቀል ለተራቡትና ለቆሰሉት ራሱ አደጋ እንደሆነ ይከራከሩ ነበር።

ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጎዴ ውስጥ ሕይወታቸው ሲያልፍ የሚበሩት ለእርዳታ ሥራ ነበር። በኢትዮጵያ ዛሬም ድረስ ስማቸው የሚነሳው ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተቋቋመውን አየር ኃይል መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ በመሆናቸው ነው።

የአባት ስጦታ

ካርል ጉስታፍ በአውሮፓውያኑ ነሐሴ 19 ቀን 1909 በስዊድን ሄልጌስታ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። ቤተሰባቸው የባላባት ወገን ሲሆን፣ ያደጉትም በሐይቅ ዳር በቆመው የሮከልስታድ ግንብ ውስጥ ነው።

አባታቸው ኤሪክ ቮን ሮዘን አሳሽና የሕዝቦችን ባሕል አጥኚ ነበሩ። አፍሪካን ከኬፕ ታውን እስከ እስክንድርያ ተጉዘዋል፤ ከጉዞዎቻቸው ያመጧቸው ቅርሶችም በስዊድን ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገብተዋል።

የአባትየው ስም በአቪዬሽን ታሪክ የሚታወቀው ግን በአንድ ስጦታና በአንድ ምልክት ነው። በአውሮፓውያኑ መጋቢት 6 ቀን 1918፣ በፊንላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት፣ ኤሪክ ቮን ሮዘን ለነጮቹ ጦር አንድ አውሮፕላን አበረከቱ። በክንፎቹ ላይ የመልካም ዕድል ምልክት አድርገው የሚቆጥሩት ሰማያዊ ስዋስቲካ ተስሎ ነበር።

ፊንላንድ አውሮፕላኑን ብቻ ሳይሆን ምልክቱንም ተቀበለች። ሰማያዊው ስዋስቲካ የአዲሱ አየር ኃይል ዓርማ ሆነ። የጀርመን ናዚዎች ይህንኑ ቅርጽ የፓርቲያቸው ምልክት ያደረጉት ከዚያ በኋላ በመሆኑ፣ የፊንላንዱ ዓርማ በመነሻው ከእነርሱ ጋር አልተገናኘም።

ይሁንና አንድ ዓርማ የሚይዘው ትርጉም በሰጪው ሐሳብ ብቻ አይወሰንም። ስዋስቲካው በአውሮፓውያኑ 1945 ከፊንላንድ አውሮፕላኖች ላይ ተነሳ። በአንዳንድ የአየር ኃይሉ ሰንደቆችና መለያዎች ላይ ግን ለአስርት ዓመታት ቆየ፤ የአየር ኃይሉ ዕዝ ምልክቱን ከዓርማው ላይ በጸጥታ እንዳወጣው በይፋ የታወቀው በ2020 ነበር።

ኤሪክ ቮን ሮዘን ራሳቸው በኋለኛው ዘመናቸው ወደ ናዚዎቹ አስተሳሰብ ያዘነበሉ ሰው ነበሩ። ለዚህም የቤተሰብ ትስስር ነበራቸው። በ1920 የካቲት ወር በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ወደ ሮከልስታድ ያበረራቸው የቀድሞ የጀርመን ጦር አብራሪ ኸርማን ጎሪንግ፣ በዚያው ግንብ ውስጥ ከባለቤታቸው እህት ከካሪን ጋር ተዋወቀ፤ በኋላም አገባት።

በዚህ ምክንያት ኋላ የናዚ ጀርመን አየር ኃይል አዛዥ የሆነው ጎሪንግ፣ በጊዜው የ10 ዓመት ልጅ ለነበሩት ለካርል ጉስታፍ የአክስት ባል ሆነ። ልጁም አብራሪ ሆኑ፤ የመረጡት መንገድ ግን ከዘመዳቸው በእጅጉ የራቀ ነበር።

ወጣቱ ካውንት በሞተር ጥገና ሙያ ሠልጥነው ወደ በረራ ገቡ። በጀማሪነት ዘመናቸው መተዳደሪያቸው በሕዝብ ፊት የሚያሳዩት የአየር ላይ ትርዒት ነበር። ዝቅ ብሎ፣ ከዛፎች ጫፍ ጥቂት ከፍ ብሎ የመብረር ችሎታን ያዳበሩት በዚያ ዘመን ሲሆን፣ ይኸው ችሎታ በኋላ በአፍሪካ ሰማይ ላይ ዝናም ውዝግብም አትርፎላቸዋል።

ቀይ መስቀል በኢትዮጵያ ሰማይ

ፋሺስት ጣሊያን በአውሮፓውያኑ ጥቅምት 1935 ኢትዮጵያን ስትወር ስዊድን ለኢትዮጵያ እንግዳ አገር አልነበረችም። ሚስዮናውያኗና ሐኪሞቿ ለረጅም ጊዜ በኢትዮጵያ ኖረዋል፤ የሆለታውን የጦር ትምህርት ቤት ያደራጁትም የስዊድን መኮንኖች ነበሩ።

የስዊድን ቀይ መስቀል በዶክተር ፍሪደ ሂላንደር የሚመራ የሕክምና ቡድን ወደ ደቡብ ግንባር ላከ። ቮን ሮዘን ደግሞ በአነስተኛ የአምቡላንስ አውሮፕላን ቁስለኞችንና መድኃኒት ለማመላለስ ወደ ኢትዮጵያ መጡ።

በወቅቱ የኢትዮጵያ አየር ኃይል በጣት የሚቆጠሩ፣ ለውጊያ የማይበቁ አውሮፕላኖች ነበሩት። ጣሊያን በአንጻሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖችን አሰልፋለች። በእንዲህ ያለ ጦርነት በክንፍ ላይ የተሳለው ቀይ መስቀል ብቸኛው መከላከያ ነበር።

ያ መከላከያ አልሠራም። በአውሮፓውያኑ ታኅሣሥ 30 ቀን 1935 የጣሊያን አውሮፕላኖች በገናሌ ወንዝ አጠገብ መልካ ዲዳ ላይ የሰፈረውን የስዊድን የሕክምና ቡድን በቦምብ ደበደቡ። ስዊድናዊው ረዳት ጉናር ሉንድስትሮምና በድንኳኖቹ ውስጥ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሕሙማን ተገደሉ፤ ዶክተር ሂላንደርም ቆሰሉ።

በመጋቢት 1936 ደግሞ ቮን ሮዘን የዓለም አቀፉን ቀይ መስቀል ልዑክ ስዊዘርላንዳዊውን ዶክተር ማርሴል ዡኖን ይዘው ወደ ሰሜን ግንባር በረሩ። ኮረም ላይ ያረፈው ባለ ቀይ መስቀል አውሮፕላናቸው ከአየር ተደብድቦ ተቃጠለ። ካውንቱና ሐኪሙ ግን በሕይወት ተረፉ።

በኮረም ዙሪያ የሰናፍጭ ጋዝ ያቃጠላቸው፣ ቆዳቸው የተላጠና ዓይናቸው የጠፋ ገበሬዎችና ወታደሮች እርዳታ ፍለጋ ሜዳውን ሞልተውት ነበር። ጋዙ ቮን ሮዘንንም ራሳቸውን ጎድቷቸዋል። ጣሊያን በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለውን መርዝ መጠቀሟን በዓይናቸው ካዩት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ሆኑ።

ከዚያ ጦርነት ይዘውት የወጡት ትምህርት በቀሪ ሕይወታቸው ሁሉ ይታያል። የምሕረት ዓርማ የሚጠብቀው ከላይ ሆኖ የሚያየው ሰው ካከበረው ብቻ ነው። ያ ሰው ካላከበረውስ የሚለው ጥያቄ ካውንቱን ለብዙ ዓመታት ሲከተላቸው ኖረ፤ ከ30 ዓመታት በኋላ የሰጡት መልስም ዓለምን አነጋግሯል።

የመንገደኛው አውሮፕላን ቦምብ ጣይ ሆነ

አዲስ አበባ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ ስትወድቅ ቮን ሮዘን ወደ አውሮፓ ተመለሱና በኔዘርላንድስ አየር መንገድ ተቀጠሩ። በሰላማዊ የመንገደኞች በረራ የቆዩት ግን ለአጭር ጊዜ ነበር።

በአውሮፓውያኑ ኅዳር 1939 መጨረሻ ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ወረረች። ካውንቱ ሥራቸውን ትተው ዲሲ-2 የተባለ የመንገደኞች አውሮፕላንና ሁለት ትናንሽ የጦር አውሮፕላኖች ለፊንላንድ እንዲገዙ አደረጉ። ዲሲ-2ቱ ቦምብ መሸከሚያ ተገጥሞለት በመጋቢት 1940 መጀመሪያ በእርሳቸው አብራሪነት ሌሊት የሶቪየትን ይዞታ መታ።

በዚያ በረራ አባታቸው ለፊንላንድ የሰጡት ሰማያዊ ምልክት በአውሮፕላናቸው ላይ ነበር። ሐንሲን-ዩካ የሚል ስም የተሰጠው ይህ አውሮፕላን ዛሬም በፊንላንድ በቅርስነት ተጠብቆ ይገኛል።

ጀርመን በዚያው ዓመት ኔዘርላንድስን ስትወር ቮን ሮዘን የብሪታኒያን አየር ኃይል ለመቀላቀል አመለከቱ። ብሪታኒያ ግን የጎሪንግ ዘመድ በመሆናቸው አልተቀበለቻቸውም። ናዚዎችን ለመዋጋት የፈለጉት ሰው በናዚ ዘመዳቸው ምክንያት ተገፉ።

በካርቱም በኩል የመጣ ነጻነት

ካውንቱ በአውሮፓ ሳሉ የኢትዮጵያ ዕጣ በጎረቤት አገር ርዕሰ ከተማ ይወሰን ነበር። ጣሊያን በአውሮፓውያኑ ሰኔ 1940 በብሪታኒያ ላይ ጦርነት ስታውጅ በስደት የነበሩት አፄ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ ተነስተው በእስክንድርያና በዋዲ ሃልፋ በኩል ካርቱም ገቡ።

ንጉሠ ነገሥቱ በካርቱም ግማሽ ዓመት ያህል ቆዩ። በከተማይቱ አቅራቢያ በሶባ በተከፈተው የጦር ማሠልጠኛ ስደተኛ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ለመኮንንነት ሠለጠኑ። በኋላ በኢትዮጵያ ታሪክ ትልቅ ስፍራ የያዙት ጀኔራል አማን አንዶምና ጀኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከዚህ ማሠልጠኛ የወጡ ናቸው።

በጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከካርቱም በአውሮፕላን ወደ ድንበር ተጉዘው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። አዲስ አበባ በወደቀችበት ዕለት ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ ዋና ከተማቸው ገቡ።

ምድሩን ለማስመለስ አርበኞች ትልቁን መሥዋዕትነት ከፍለዋል። ሰማዩ ግን የሌሎች ነበር። ከካርቱምም ሆነ ከኬንያ የተነሱት የጦር አውሮፕላኖች የብሪታኒያና የደቡብ አፍሪካ ንብረት ሲሆኑ፣ በአብራሪዎቻቸው ደረት ላይ ያለው ክንፍም የእነዚያ አገሮች ነበር።

ከድሉ በኋላ የብሪታኒያ ተጽዕኖ በኢትዮጵያ መንግሥትና ሠራዊት ላይ ከብዶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የራሳቸውን አየር ኃይል ለማደራጀት ቅኝ ግዛት ወደሌላትና በጦርነቱ ገለልተኛ ወደነበረችው ስዊድን ፊታቸውን አዞሩ። በኮረም ሜዳ የሚያውቋቸው አብራሪም ከስዊድን ነበሩ።

ቢሾፍቱ ላይ የተሰጠ ክንፍ

ቮን ሮዘን ከአውሮፓውያኑ 1945 ጀምሮ እስከ 1956 በኢትዮጵያ አየር ኃይል ግንባታ ላይ ሠሩ። ማዕከሉ በቢሾፍቱ ነበር። ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ቢሾፍቱ አየሯ ሳሳ ያለ በመሆኑ አውሮፕላኖች ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋሉ። በሜዳማ አገር ለሠለጠነ አብራሪም ሆነ ለአዲስ ተማሪ ይህ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር።

ሥልጠናው የሚጀመረው ሳብ ሳፊር በተባለው ቀላል የስዊድን አውሮፕላን ነበር። ከዚያ በኋላ ሠልጣኞቹ ሳብ 17 ወደተባለው ባለ አንድ ሞተር የጦር አውሮፕላን ይሻገራሉ። ኢትዮጵያ ከስዊድን የገዛቻቸው ሳብ 17 አውሮፕላኖች ከ40 በላይ ነበሩ።

ካውንቱ የሳፊርን ብቃት ለዓለም ያሳዩት በአውሮፓውያኑ ግንቦት 1947 ነው። ያን ጊዜ ከአውሮፓ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚበር ሰው ነዳጅ ለመሙላት በካይሮ፣ በካርቱምና በመሰል ጣቢያዎች ማረፉ የተለመደ ነበር። ቮን ሮዘን ግን ተጨማሪ ነዳጅ በጫነች አንዲት ሳፊር ከስቶክሆልም ተነስተው የትም ሳያርፉ አዲስ አበባ ደረሱ። 6,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሸፈነው ጉዞ 30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ፈጀ።

በቢሾፍቱ የተሠራው ትልቁ ሥራ ግን እንዲህ ያለ ዜና የሚሆን አልነበረም። አንድ ወጣት ሞተር መፍታትና መግጠም፣ የአየር ጠባይ ማንበብ፣ ካርታ መከተል፣ በመጨረሻም ብቻውን ተነስቶ ብቻውን ማረፍ ይማራል። ይህን ሁሉ ሲያልፍ በደረቱ ላይ ክንፍ ይለጠፍለታል።

በ1928 ዓ.ም. ከኮረም ሰማይ ላይ ሞትን ያዘነቡት አውሮፕላኖች የሌላ አገር ዓርማ ነበራቸው። በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ የኢትዮጵያ ቀለማት የተቀቡ አውሮፕላኖች በኢትዮጵያውያን እጅ መብረር ጀመሩ። ለዚያ ትውልድ ክንፉ ከብር ጌጥ የበለጠ ትርጉም ነበረው።

ሁለት አብራሪዎች፣ አንድ ማዕረግ

የዚህ ታሪክ ሌላው ገጽ እምብዛም አያስደስትም። ቮን ሮዘን ቢሾፍቱ ሲደርሱ በኢትዮጵያ ሰማይ ከእርሳቸው ቀድሞ ስም ያተረፈ ሰው ነበር። እርሱም ብራውን ኮንዶር በሚል ቅጽል የሚታወቀው አፍሪካዊ አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ነው።

በፍሎሪዳ ተወልዶ በሚሲሲፒ ያደገው ሮቢንሰን፣ በአገሩ ጥቁር ሰው አብራሪ መሆን እጅግ አስቸጋሪ በነበረበት ዘመን በቺካጎ በረራ ተምሮ ሌሎችንም አስተምሯል። በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ትንሿን አየር ኃይል መርቷል፤ መሣሪያ በሌለው አውሮፕላን በግንባሮች መካከል መልእክት ሲያደርስ ቆስሏል።

ሮቢንሰን በ1944 ከጥቁር አሜሪካውያን ባልደረቦቹ ጋር ተመልሶ ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠን ጀመረ። ስዊድናውያኑ ሲመጡ ግን የአመራሩ ጉዳይ ወደ ከረረ ቅራኔ አመራ። በ1947 ሮቢንሰንና ቮን ሮዘን እስከ ድብድብ ደረሱ፤ ውጤቱም ሮቢንሰን ከአየር ኃይሉ እንዲለቅ ሆነ።

አሜሪካዊው አብራሪ ግን ኢትዮጵያን አልለቀቀም። በአዲስ አበባ እየኖረ መብረሩን ቀጠለ። በአውሮፓውያኑ መጋቢት 1954 ለሕሙማን እርዳታ በተደረገ በረራ ላይ አውሮፕላኑ ተከስክሶ ከቀናት በኋላ ሕይወቱ አለፈ፤ የተቀበረውም በአዲስ አበባ ነው።

የኢትዮጵያ አየር ኃይል ልደት ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጥ አይደለም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ከፈረንሳውያን የተማሩት የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ፣ ከዚያም ሮቢንሰን፣ ኋላም ስዊድናውያኑና በእነርሱ እጅ የሠለጠኑት ወጣቶች እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። የካውንቱን ክንፍ ብቻ የሚያሳይ ሳጥን የሮቢንሰንን ውለታ ይሸፍናል።

በቢያፍራ ሰማይ

ቮን ሮዘን ወደ ስዊድን ከተመለሱ በኋላ ትራንስኤር ለተባለው የስዊድን ኩባንያ በረሩ። በኮንጎ ቀውስ ወቅትም በተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ ውስጥ ሠሩ። ዋና ጸሐፊው ዳግ ሐመርሾልድ በ1961 የሞቱበት አውሮፕላን የዚሁ ኩባንያ ንብረት ነበር።

በነሐሴ 1968፣ 59 ዓመት ሊሞላቸው ቀናት ሲቀሯቸው፣ ምግብና መድኃኒት የጫነ አውሮፕላን ይዘው ከሳኦ ቶሜ ደሴት ወደ ቢያፍራ በረሩ። የናይጄሪያ ፌዴራል መንግሥት ተገንጣይዋን ግዛት ከብቦ ስለነበር በውስጧ ሕፃናት በረሃብ እየረገፉ ነበር። ካውንቱ የዛፍ ጫፍ እየነኩ በሚመስል ዝቅታ በቀን ብርሃን ኡሊ በተባለው መንገድ መሰል ማረፊያ ላይ አረፉ። ዓለም አደነቃቸው።

በቢያፍራ ያዩት ረሃብ ግን የኮረሙን ጥያቄ መልሶ አመጣው። እርዳታ ጫኝ አውሮፕላኖችን ከጦር አውሮፕላን ማን ይጠብቃቸው? በግንቦት 1969 የሰጡት መልስ ጦር መሣሪያ ነበር።

ለሥልጠና የተሠሩ አምስት ትናንሽ የስዊድን አውሮፕላኖችን አስገዝተው በየክንፋቸው ስር ሮኬት አስገጠሙ። ከስዊድናውያንና ከቢያፍራ አብራሪዎች ጋር ሆነው ከግንቦት 22 ጀምሮ በፖርት ሃርኮርት፣ በቤኒንና በኢኑጉ የቆሙ የናይጄሪያ አውሮፕላኖችን መቱ።

ድርጊቱ በብዙዎች ዘንድ ጀግንነት ተባለ። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኔ 5 ቀን፣ የናይጄሪያ ተዋጊ አውሮፕላን እርዳታ የጫነ የቀይ መስቀል አውሮፕላን መትቶ ጣለ፤ አራቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። ቀይ መስቀል በረራውን አቋረጠ፤ ምግቡም ቀነሰ።

ያ ጥቃት የካውንቱ ድርጊት ውጤት ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ሆኖም ትናንት እርዳታ ያመጣ አብራሪ ዛሬ ሮኬት ይዞ ሲመጣ፣ ከታች ሆኖ የሚያየው ወታደር ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል። ተቺዎቻቸው ያነሱት ይህንን ነበር፤ ክርክሩም በእርዳታ ሠራተኞች ዘንድ እስካሁን አልተዘጋም።

ለኢትዮጵያ ደግሞ ነገሩ ሌላ ጎን ነበረው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስም የናይጄሪያን ጦርነት በሰላም ለመፍታት ይጥሩ ነበር፤ አቋማቸውም የናይጄሪያን አንድነት የሚደግፍ ነበር። የአየር ኃይላቸው የቀድሞ አሠልጣኝ በሌላኛው ወገን ተሰልፈው ነበር።

እህል ከሰማይ

ካውንቱ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት የወሎው ረሃብ ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ፣ በአውሮፓውያኑ 1974 ነው። በአገሪቱ መንገድ የማይደርስባቸው፣ አውሮፕላን የማያርፍባቸው መንደሮች ብዙ ነበሩ።

ቮን ሮዘን ያመጡት መላ በቢያፍራ ከተጠቀሙበት የተወለደ ነው። ለሮኬት የሚሆነው የትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ለእህል ከረጢትም ይሆናል። አውሮፕላኑ በጣም ዝቅ ብሎ፣ በዝግታ እየበረረ ከረጢቱን ይለቅቃል፤ ከረጢቱም ሳይበተን መሬት ላይ ያርፋል። የትርዒት አብራሪው የወጣትነት ጥበብ በዚህ መንገድ ለተራቡት ደረሰ።

በዚያው ዓመት መስከረም ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ካውንቱ ግን ሥራቸውን ከአዲሱ መንግሥት ጋርም ቀጠሉ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን ሲገሰግስ በዋቢ ሸበሌ ዳርቻ በምትገኘው ጎዴ ነበሩ።

ሐምሌ 6 ቀን ጎዴ በጥቃት ስር ወደቀች። ቮን ሮዘንም በምድር ላይ ሳሉ ተገደሉ። 68 ዓመት ሊሞላቸው ከአንድ ወር ጥቂት የበለጠ ጊዜ ቀርቷቸው ነበር።

በዚያ ጦርነት በቀጣዮቹ ሳምንታት የኢትዮጵያ ኤፍ-5 አውሮፕላኖች በሶማሊያ ሚጎች ላይ የበላይነት አገኙ። አብራሪዎቹ የአሜሪካንን አውሮፕላን የሚያበርሩ፣ በአሜሪካኖችም የሠለጠኑ ነበሩ። ይሁንና የወጡበት ተቋም በሳፊርና በሳብ 17 በቢሾፍቱ የተጀመረው ነው።

የሚቀመጠውና የማይቀመጠው

የካውንቱ ሕይወት ቅሪቶች ዛሬ በተለያዩ አገሮች ተበታትነዋል። ቦምብ የጣሉበት አውሮፕላን በፊንላንድ ይታያል። በኮረም የተቃጠለው ባለ ቀይ መስቀል አውሮፕላን ግን አመድ ሆኗል። ከአየር የተጣለ የእህል ከረጢትም ለሙዚየም አይተርፍም፤ የተላከው ሊበላ ነውና።

ስለዚህ በመስታወት ውስጥ የሚቀመጠው ማስረጃ ከተዋጊው ወገን ያደላል። ቅርስ የሚጠብቁ ሁሉ የሚያውቁት ችግር ነው፤ መሣሪያና ሜዳልያ ይቆያሉ፣ የተረፈ ሕይወት ግን በዕቃ አይታይም።

የሚቆየውም ቢሆን ዋስትና የለውም። ለኢትዮጵያ ነጻነት መነሻ በሆነችው በካርቱም፣ በሚያዝያ 2023 ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል። የሱዳን ጦር ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ከተማዋን መልሶ ሲይዝ አዳራሾቹ ባዶ ሆነው ተገኙ።

የጠፋ የሚመስል ነገር የሚመለስበት ጊዜም አለ። በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት በ1935 በኢትዮጵያ የተሠራችውና በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው አውሮፕላን በወራሪው ተወስዳ ለረጅም ዘመን በጣሊያን ሙዚየም ከቆየች በኋላ በጥር 2024 ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

የቢሾፍቱ ክንፎች ዕጣ ግን ከዚህም የተለየ ነው። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ የቀድሞው አየር ኃይል ፈረሰ፤ አባላቱ አንዳንዶቹ ታሰሩ፣ ብዙዎች ተሰደዱ። ክንፎቻቸው፣ የበረራ መዝገቦቻቸውና ፎቶግራፎቻቸውም ከእነርሱና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ሄዱ።

ከስዊድናውያኑ የተማሩት አብራሪዎች ዘመን እያለፈ ነው። በመሳቢያ ውስጥ የተኙት ትናንሽ ክንፎች ባለቤታቸው ማን እንደነበረ፣ ማን እንዳስተማረውና የት እንደበረረ የሚናገርላቸው ሰው ካጡ፣ ስም የሌላቸው የብረት ጌጦች ሆነው ይቀራሉ።